ሣር የበቀለበት የገበያ መንገድ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ሦስት ወጣት ቀያሾች ሊጠይቁኝ ቤቴ መጡ። እነሱ ዛሬ መሬት የሚለኩት በመሣሪያ ነው፤ ቁልፍ ይጫናሉ፣ ቁጥሩ ይመጣል። ሻይ እየጠጣን ሳለ አንደኛው፣ «ጋሼ፣ በሰንሰለት ይለኩ በነበረበት ዘመን ከሠሯቸው ካርታዎች ሁሉ የሚኮሩበት የትኛው ነው?» አለኝ። «ያልፈረምኩበት» ብዬ መለስኩለት። ሳቁ፤ የቀለድኩ መሰላቸው። ቀልድ አለመሆኑን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። አሁን ግን ጊዜ ሞልቶኛል፤ ስለዚህ ልጻፈው።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስኩ አዲስ አበባ ቅየሳ ተምሬ፣ በጃንሆይ ዘመን ወልቂጤ ተመደብኩ። ደመወዜ ለቤት ኪራይ፣ ለምግብና ለእናቴ ለምልክላት ትንሽ ነገር ትበቃ ነበር፤ ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ወልቂጤ ያን ጊዜ በጅማ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደረች፣ ቆርቆሮው ገና ከሣር ክዳኑ ያልበለጠባት፣ ግን በየወሩ አዲስ ቤት የሚቆምባት ከተማ ነበረች። ከተማ የሚያድገው በሰው ጓሮ ላይ መሆኑን ትምህርት ቤት አልነገሩኝም ነበር። የተማርኩት እዚያ ነው።

አለቃዬ ጋሽ ገብረየስ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ሲቆጡ ደግሞ ጭራሽ ዝም የሚሉ ሰው ነበሩ። ሥራ በጀመርኩበት ቀን ላጲሴን ከእጄ ወስደው በመስኮት ወረወሩት።

«ቀያሽ አይፍቅም» አሉኝ። «ከተሳሳትክ በአንድ መስመር ሰርዘህ ትክክሉን ከጎኑ ጻፍ። ነገ ደብተርህን የሚያነበው ሰው የት እንደተሳሳትክ ማየት አለበት።»

መሬት ሊለኩ ሲሄዱ መሣሪያው መኪና ላይ ይቆያል። እሳቸው መጀመሪያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዳር ዳሩን በእግራቸው ይዞሩታል። ባለቤቱን ሰላም ሳይሉ ግቢ አይረግጡም። ሰንሰለቱን ሲዘረጉ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይጠሩታል፤ ባለመሬቱ ማንበብ ባይችል እንኳ ጆሮ አለው ይላሉ። አንዱን መስመር ሄደው ይለኩታል፣ ተመልሰው ይለኩታል፤ ሁለቱ ካልገጠሙ ሦስተኛ ይደግሙታል። ምሳቸው ሁልጊዜ ከቤት የያዙት በሶና አንድ ኮዳ ውሃ ነው። ክርክር ያለበት ቦታ ከማንም ቤት ቆሎ እንኳ አይቀምሱም። ሰው ግቡ ብሎ ሲለምናቸው አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ «ሲያልቅ እመጣለሁ» ይላሉ። ካለቀ በኋላም እውነትም ይሄዱ ነበር።

ደግሞ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት፣ ሠላሳ ሜትሯን ሰንሰለት መሥሪያ ቤታችን በረንዳ ላይ ዘርግተው በሁለት ሚስማሮች መካከል ይፈትኗታል። ሰንሰለት ይለጠጣል፣ ቀለበቱ ይከፈታል፣ ይጣመማል። እኔ ይህን እንደ ሽማግሌ ልማድ ነበር የማየው። ወጣት ነበርኩ።

በሁለተኛው ዓመት ጋሽ ገብረየስን ወባ ጣላቸው። ያኔ ከዋናው ጎዳና ወደ ውጭ አንድ መንገድ ሊከፈትና የከተማው ወሰን በዚያው ልክ ሊሰፋ ታዝዞ ነበር። «ብቻህን ትችለዋለህ?» ተባልኩ። እንዴታ! አልኩ። ሰንሰለቱ ከሳምንት በፊት ተበጥሶ አንጥረኛ ጠግኖት ነበር፤ በረንዳው ላይ ዘርግቼ አልፈተንኩትም። ዝናብ እየመጣ ነበርና ሄጄ ብቻ ለካሁ፤ ተመልሼ አልለካሁም። ችካሎቼን ተከልኩ፣ ካርታዬን ሠራሁ፣ ፈረምኩ። በራሴ በጣም ረክቼ ነበር።

አንጥረኛው የጨመረው ቀለበት አንድ ስንዝር ያህል ነበር። አንድ ስንዝር ምንም አይደለም። ሰንሰለቱ ሃያ ጊዜ ሲዘረጋ ግን ሃያ ስንዝር ይሆናል። የእኔ ሃያ ስንዝር ያረፈው ወይዘሮ ትርንጎ በሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት እንሰት ላይ ነው። የመንገድ ሠራተኞቹ ችካሌን አይተው እንሰቱን ቆረጡት። ስደርስ ግንዱ ተጋድሞ፣ ቅጠሉ በጭቃ ተረግጧል። ሴትዮዋ አላለቀሱም። ከተቆረጠው አጠገብ ቆመው ቀና ብለው አዩኝና፣

«ልጄ፣ እንሰት ለመብሰል ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ሥራ ለመልመድ አንተ ስንት ዓመት ትፈልጋለህ?» አሉኝ።

ጋሽ ገብረየስ ከበሽታቸው ሳያገግሙ፣ በጋቢ ተጠቅልለው መጡ። አልሰደቡኝም። «ሰንሰለቱን በረንዳው ላይ ዘርጋው» ብቻ አሉኝ። ዘረጋሁት። ጫፉ ከሚስማሩ አልፎ ወጣ። እሳቸው ዝም አሉ። እኔ ተንበርክኬ ያንን ትርፍ ብረት ሳይ የተሰማኝን ዛሬም ስም ላወጣለት አልችልም። በማግስቱ ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ወሰዱኝ፤ ጎረቤቶቻቸው በተሰበሰቡበት «ስህተቱ የእኔ ነው፤ መሬቱ የእሳቸው ነው» ብዬ እንድናገር አደረጉ። ችካሉን በገዛ እጄ ነቀልኩ። በእኔ ካርታ ሰበብ የገባው ስማቸው ከከተማው የግብር መዝገብ እስኪወጣ ብዙ ወር ተመላለስኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አዲስ የእንሰት ችግኝ የሚተከልበትን ጉድጓድ ቆፈርኩላቸው። እንድቆፍር ፈቀዱልኝ፤ ፈገግ ግን አላሉልኝም። «መጥተህ መናገርህ ጥሩ ነው፤ እንሰቴን ግን አልመለሰውም» አሉኝ አንድ ቀን። እውነታቸውን ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቦታ ተዘዋውሬ ሠርቼ ቡታጅራ ተዛወርኩ። የደረስኩት በርበሬ በሚሰጣበት ወቅት ነው። የመስቃን ገበሬ ምርት በየደጁ ተዘርግቶ መሬቱ ቀልቶ ነበር፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ሳስነጥስ ከረምኩ።

የከተማዋ ሹም ግራዝማች ፈንታ እንደ እኔው ከሰሜን የመጡ ሰው ናቸው። ቁጡ ነበሩ፤ ሌባ ግን አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። የክሊኒኩ ጣሪያ ያፈሳል፣ ዋናው መንገድ በክረምት በቅሎ ያሰምጣል፣ የትምህርት ቤቱ ልጆች ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ይህን ሁሉ ለማቃናት ያላቸው ገቢ የከተማው ነዋሪ የቤትና የቦታ ግብር፣ ከዚያ ደግሞ የኬላው ቀረጥ ነበር። ኬላው በከተማዋ መግቢያ መንገዱን የዘጋ ወፍራም ግንድ ነው። ከገጠር በርበሬ፣ እህል ወይም ቆጮ ጭኖ የሚመጣ ሁሉ እዚያ ይቆማል፤ ጭነቱ ይታያል፣ ይከፍላል፣ ከዚያ ግንዱ ይነሣለታል። ዕቃውን ቢሸጥም ባይሸጥም ከፍሏል።

ከኬላው ወዲያ ዝግባ ሥር የምትባል መንደር አለች። የዝግባ ሥር ሰዎች ገበሬዎች ናቸው፤ የመሬት ግብራቸውን የሚገብሩት ለወረዳው ነው። በኬላው መቆም ሲመራቸው፣ በመንደራቸው ባሉት ትልልቅ ዝግባዎች ጥላ ሥር መሸጥ ጀመሩ። መጀመሪያ ጥቂት ሴቶች ነበሩ፤ ቀጥሎ የዙሪያው ገጠር ሁሉ ተከተለ። በሁለት ዓመት ውስጥ የከተማዋ ገበያ ሳሳ።

ከተሜው ተቆጣ። «ልጆቻቸው በእኛ ትምህርት ቤት ይማራሉ፣ ሲታመሙ በእኛ ክሊኒክ ይታከማሉ፣ እህላቸውን በእኛ ወፍጮ ያስፈጫሉ፤ መሸጥ ሲሆን ግን ከደጃፋችን ውጭ!» ይላል። መንደርተኛው ደግሞ፣ «ከተማው የሚጠጣው ውሃ ከእኛ ምንጭ በቧንቧ የሚሄድ ነው፤ ለእኛ አንዲት ጠብታ እንኳ አላወጣልንም» ይላል። እኔ ከዳር ሆኜ ስሰማ፣ ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነበር። ነገሩን ከባድ ያደረገውም እሱ ነው።

አንድ ጠዋት ግራዝማች አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ የከተማው ካርታ ተዘርግቷል። በካርታው ላይ በቀይ እርሳስ፣ በማስመሪያ የተሰመረ አዲስ ወሰን ዝግባ ሥርን ከነገበያዋ ከተማው ውስጥ አስገብቷታል። ከጎናቸው የነጋዴዎቹ ተወካይ፣ የጨርቅ ነጋዴው አቶ ላቀው ተቀምጠዋል።

«ካሳ፣ ይችን ፈርምልኝ» አሉኝ ግራዝማች።

«ማን ለካው ግራዝማች?»

«መለካት ምን ያደርግለታል? ቀጥ ያለ መስመር ነው።»

«ስንት ቤት ይነካል?»

«ከፈረምክ በኋላ ቁጠር!»

እጄ ወደ ብዕሩ አልሄደም። እንቢ የማለት ድፍረትም አልነበረኝም፤ ጀግና መስዬ መታየት አልፈልግም። ያልኩት፣ «ስምንት ቀን ይስጡኝና በእግሬ ልየው» ነው።

«ስምንት ቀን! ለአንድ መስመር?»

«መስመሩ አንድ ነው፤ ሰዉ ግን ብዙ ነው ግራዝማች።»

አቶ ላቀው ሳቁ። ግራዝማች አልሳቁም። «በስምንተኛው ቀን የአውራጃው ተቆጣጣሪ ይመጣል» አሉ። «ያን ቀን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ወይ ፊርማህን ወይ የዝውውር ደብዳቤህን ታያለህ። ሂድ።»

በማግስቱ ሁለት ሰንሰለት ጎታቾች ይዤ ዝግባ ሥር ሄድኩ። ሰንሰለቱ ገና መሬት ከመንካቱ አንዲት በርበሬ ሻጭ መጥታ ተቀመጠችበት። ሌላዋ ተከተለች። ወዲያው ሰንሰለቱ ከዳር እስከ ዳር ሴት በሴት ሆነ። የመጀመሪያዋ ሸምሲያ ትባላለች፤ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ዓይኗን ከሰው ላይ የማትነቅል ሴት ናት።

«ተነሽልኝ እህቴ» አልኳት።

«አልነሣም። ይህ ብረት ካለፈ በኋላ የሚመጣውን እናውቃለን። አባቴ የመለኪያ ገመዱ ቀላድ ሲጣል አይቷል። ቀላድ ሲመጣ መሬት ይሄዳል።»

በዚህ መሃል የመንደሩ ሽማግሌ ሐጂ በድሩ በትራቸውን ተመርኩዘው መጡ። ሰላምታ ሰጡኝ፤ መለስኩ። ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል እየመዘኑ ተናገሩ።

«ልጄ፣ እኛ ለወረዳው እንገብራለን። ከተማው ወደ ራሱ ሲያስገባን ወረዳው ከመዝገቡ ይፍቀናል? አይፍቀንም። ከተማው ግን ይጨምረናል። እናንተ አማርኛ ተናጋሪዎቹ በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ትላላችሁ፤ ሰምተናል። በአንድ ራስ ላይ ሁለት ምላጭ ግን አልሰማንም። ፀጉሩ አንድ ነው፤ ማን ላጭቶ ማን ይቀራል?»

 ሰንሰለቱን ጎታቾቹ ትተውት እንዲቆሙ አዘዝኩና እኔም ከሴቶቹ ፊት መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የወይዘሮ ትርንጎን ነገር ነገርኳቸው። ቀለበቱን፣ ዝናቡን፣ የተቆረጠውን እንሰት፣ ያሉኝን ቃል፣ ሁሉንም። ከወልቂጤ ከወጣሁ ወዲህ ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር። የእንሰቱን መቆረጥ ስናገር ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ለእነሱ እንሰት ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«አሁንስ እንዳትሳሳት ምን አደረግህ?» አለችኝ ሸምሲያ።

«አሁን ሳልፈርም መጣሁ።»

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። የቀሩትም ተነሡ። በዚያ ቀንና በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ቁጥሩን ጮክ ብዬ እየጠራሁ፣ ሄጄም ተመልሼም ለካሁ። ቀዩ መስመር የአሥራ አንድ ቤተሰብ ግቢ ለሁለት ይከፍላል፤ የመቃብር ቦታቸውንም ከመስጊዳቸው ይለያል። 

ግን ይህን ብቻ ይዤ ብመለስ ግራዝማች «መስመሩን ትንሽ ጠምዝዘው» እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። እሑድ አውቶቡስ ተሳፍሬ ጥያ ሄድኩ። ጋሽ ገብረየስ ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገብተው ነበር። ከደጃፋቸው ጎመን ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣

«ችግር ላይ ነህ» አሉኝ። «ፈርመህ ከሆነ ተመለስ። ካልፈረምክ ግባ፣ ምሳ እንብላ።»

ገባሁ። ምሳ እየበላን ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲጨርሱ እጃቸውን ታጠቡና፣ «ወሰኑን ለክተሃል» አሉኝ። «መንገዱንስ?»

«የትኛውን መንገድ?»

«ሰዉ የሚሄድበትን። ወሰን እኛ የምንፈልገውን ነው የሚናገረው። የሰው እግር የሚሠራው መንገድ ግን ሰዉ ራሱ የሚፈልገውን ይናገራል። ሄደህ እሱን ጠይቅ።»

ሰኞ ጠዋት ጀመርኩ። ከዝግባ ሥር የሚወጡትን መንገዶች ሁሉ፣ የአህያ መሄጃዎችን ሳይቀር፣ ወርዳቸውንና ጥልቀታቸውን እየለካሁ በደብተሬ አሰፈርኩ። ሥራው ሞኝነት ይመስል ነበር፤ ሰንሰለት ጎታቾቼ ተጠቃቅሰው ሲስቁ አይቻለሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ ግን እነሱም መሳቅ አቆሙ። ወደ ቡታጅራ ኬላ የሚወስደው ሰፊው የድሮ መንገድ፣ ተማሪው ከሚሄድበት ጠርዝ በቀር፣ መሃል ለመሃል ሣር በቅሎበታል፤ ሰርዶው ጎማ ያለፈበትን ፈለግ ሸፍኖታል። ከዝግባዎቹ ወደ ጎረቤቷ የገበያ ከተማ ወደ እንሴኖ የሚወርደው ቀጭን መንገድ ግን በእግርና በኮቴ ተቦርቡሮ እስከ ጉልበት ጠልቋል። ነገሩ ገባኝ። ሰዉ በቡታጅራ መሸጥ ብቻ አልነበረም ያቆመው። ጨው፣ ጋዝና ልብስ መግዛትም አቁሟል። ኬላው የገበሬውን በርበሬ ብቻ ሳይሆን የከተማውን ገዢም ነበር ውጭ ያስቀረው።

በስምንተኛው ቀን ተቆጣጣሪው መጣ፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው። ስብሰባው በአዳራሽ ነበር የተጠራው። እኔ ተነሥቼ፣ «ጌታዬ፣ ጉዳዩ ያለው መሬት ላይ ነው፤ እዚያው ቆመን ብንነጋገር?» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ተቆጣጣሪው ጫማውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ኮፍያውን አነሣ። ግራዝማች በቅሎአቸውን አስጭነው ተከተሉ። ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር።

ኬላው ጋ ስንደርስ አቶ ላቀው ድንገት መንገዱ መሃል ቆሙ።

«ክቡር ተቆጣጣሪ፣ ይህ ቀያሽ ስምንት ቀን ሙሉ ዝግባ ሥር ሲበላና ሲጠጣ ነው የከረመው። በበርበሬ ተገዝቷል!»

ሰዉ ጉምጉም አለ።  ከመንደሩ ሰዎች መሃል ሸምሲያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወጣች።

«በላ? ጠጣ? እኛ እኮ ተቀይመነዋል! ክትፎ አቀረብን፣ እንቢ። ቆጮ አቀረብን፣ እንቢ። ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ የራሱን በሶ በጥብጦ ይጠጣል። ሰው ነው ወይስ ባሕታዊ ብለን ተጠያይቀናል! እንዲህ ያለ እንግዳ አላህ አያምጣብን!»

ተቆጣጣሪው ራሱ ሳቀ። ግራዝማች ከበቅሎአቸው ላይ ሆነው ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አቶ ላቀው ብቻ አልሳቁም።

ተቆጣጣሪው ጎንበስ ብሎ ከመንገዱ መሃል አንድ እፍኝ ሣር ነቀለ። ወደ ኬላ ጠባቂው ዞረና፣ «ዛሬ የገበያ ቀን ነው አይደል? ከጠዋት ጀምሮ ስንት አህያ አለፈ?» አለው።

ጠባቂው ወደ ግራዝማች አየ። ከዚያ ራሱን አጎንብሶ፣ «አራት ጌታዬ» አለ።

 ወደ ዝግባዎቹ ሄድን። እዚያ ሰዉ እንደ ጉንዳን ነበር። ግራዝማች ከበቅሎ ወርደው በሰዉ መሃል ሲያልፉ አየኋቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠፋባቸውን ገበያ በዓይናቸው ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር። ከአንዱ ዝግባ ሥር የእንሴኖ ነጋዴዎች ጨውና ጨርቅ ዘርግተዋል። አቶ ላቀው ጎንበስ አሉ፣ ጨርቁን በጣታቸው አሹት።

«ይህ እኮ እኔ ሱቅ ያለው አቡጀዲ ነው!»

«አዎ ጌታው» አለ የእንሴኖው ነጋዴ። «የቡታጅራ ሰው ስለማይሸጥላቸው እኛ እናመጣላቸዋለን።»

«ማን ነው የማይሸጥላቸው? እኔ በሬን ከፍቼ ቁጭ ብያለሁ!»

«እርስዎ ከፍተዋል» አሉ ሐጂ በድሩ በለሰለሰ ድምፅ፤ «መንገዱ ላይ ያለው ግንድ ነው የተዘጋው።»

ካርታዬን ዝግባው ሥር ዘረጋሁ። የጠለቁትን መንገዶች በወፍራም፣ የጠፉትን በቀጭን መስመር ነበር የሠራኋቸው። ማንበብ የማይችለውም አነበበው። ወፍራሞቹ ሁሉ ጀርባቸውን ለከተማችን ሰጥተው ወደ እንሴኖ ይሄዳሉ። የተከፈሉትን አሥራ አንድ ግቢዎችና መቃብሩንም አሳየሁ። ካርታውን ካየ በኋላ መጀመሪያ የጮኸው ማን ነበር ቢባል፣ አቶ ላቀው ናቸው።

«ግራዝማች፣ ግንዱ ይነሣ!»

ግራዝማች ተቆጡ፤ ቁጣቸው ግን የተጨነቀ ሰው ቁጣ ነበር። «ግንዱ ከተነሣ የክሊኒኩን ጣሪያ በምን ልክደን? በምርቃት?»

ሐጂ በድሩ ወደ እሳቸው ቀረቡ። «ግራዝማች፣ ገበያ እግር አለው። በሩን ክፈቱለት፣ በራሱ ይመጣል። ከተማ ገብቶ ቦታ ይዞ የሸጠ፣ ከሸጠ በኋላ የቦታውን ይክፈል፤ ይህን እኛም እንቀበላለን። ሳይሸጥ መንገድ ላይ የሚያስቆመው ነገር ግን ይነሣ። ቧንቧውም አርጅቷል፤ ውሃ ለእናንተም አልበቃችሁም። አዲሱን ቦይ እኛ እንቆፍራለን። መንገድም ቦይም መቆፈር ለእኛ አዲስ አይደለም። አንድ የውሃ ቦኖ ግን ለዝግባ ሥር።»

«መጀመሪያ ከተማው ይድረሰው፣ ከዚያ ለእናንተ...»

«ውሃው የሚነሣው ከእኛ ነው ግራዝማች። እግረ መንገዱን ደጃፋችን ላይ ቢፈስ ምን አለበት?»

ግራዝማች ወደ ገበያው አዩ፣ ወደ ካርታው አዩ። በመጨረሻ፣ «ቦይው ከዝናብ በፊት ይቆፈራል?» አሉ።

«ኢንሻላህ፣ ከዝናብ በፊት።»

ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞረ። «ቀያሽ፣ ወሰኑስ?»

«ባለበት ይቆይ ጌታዬ» አልኩ። ይህን ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ግራዝማች ቀዩን መስመር የያዘውን ካርታ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ስለ ፊርማዬም ሆነ ስለ ዝውውሬ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም። ወደ ከተማ ስንመለስ በቅሎአቸው ላይ አልተቀመጡም፤ እየሳቡ ከጎኔ በእግራቸው ሄዱ። ኬላው ጋ ስንደርስ ብቻ፣ «በሶው እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እውነት ነው ግራዝማች።»

«ሞኝ ነህ። ክትፎ እንቢ ይባላል?» አሉና ቀደሙኝ።

ቦይው ከዝናብ በፊት ተቆፈረ። ዝግባ ሥር ላይ ውሃው የፈሰሰ ዕለት ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት ከተማ ድረስ ተሰማ፤ ሐጂ በድሩ የመጀመሪያዋን ጣሳ ቀድተው ለግራዝማች ሰጧቸው። የክሊኒኩ ጣሪያም ከገበያው በተሰበሰበው የቦታ ክፍያ ለክረምቱ ደረሰ። እኔም ነገሩ ካለቀ በኋላ ሸምሲያ ቤት ሄጄ ሁለት ሰው የሚበላውን ክትፎ ብቻዬን በላሁ፤ ቆማ ስትቆጣጠረኝ ነበር። ከሁሉም ይልቅ ግን ዓይኔ ላይ የቀረው ግንዱ ከተነሣ በኋላ ያለው የመጀመሪያው የገበያ ቀን ነው።

ጠዋት ኬላው ጋ ሄጄ ቆምኩ። ግንዱ ተነሥቷል፤ መንገዱ ክፍት ነው። ግራዝማች ቀድመውኝ መጥተው ነበር፤ ማንም እንዳያያቸው ይመስል ከጠባቂው ጎጆ ጎን ቆመዋል። ለረጅም ጊዜ ማንም አልመጣም። ግራዝማች ሰዓታቸውን ደጋግመው ያዩ ጀመር። 

ከዚያ ከወዲያ አቧራ ተነሣ። ከፊት በርበሬ የተጫነች አንዲት ግራጫ አህያ ትመራለች፤ ከኋላዋ ዓይን እስከሚደርስበት አህያና ሰው ተሰልፏል። ግራጫዋ አህያ ግንዱ ድሮ ከነበረበት ቦታ ስትደርስ ቆመች። ባዶ ሜዳ ላይ፣ እንደ ለመደችው፣ ጆሮዋን ጥላ እስኪከፈትላት ትጠብቃለች። ባለቤቷ ገፋት፣ አልተንቀሳቀሰችም። ከኋላ ያሉት ሁሉ ቆሙ። ሰልፉ ተዘጋ።

ግራዝማች ፈንታ ከጎጆው ጎን ወጡ። ካባቸውን ወደ ትከሻቸው ጣል አድርገው መንገዱ መሃል ገቡ፣ ከአህያዋ ኋላ ሄዱና በገዛ መዳፋቸው መታ አደረጓት።

«ሂጂ!» አሏት። «ሂጂ፣ ማንም አያስቆምሽም!»

አህያዋ አንድ እርምጃ ሄደች፤ ከዚያ ሌላ። መንገዱን የሞላው ሰልፍ እንዳለ ተንቀሳቀሰ፤ በሳቅና በጩኸት፣ ሰርዶውን እየረገጠ ወደ ከተማ ገባ።